የቀድሞ ዜማና የሽማግሌዎች ሰዓት

ሰው በሸመገለ ጊዜ ዐይኑ ይፈዛል፥ ጉልበቱ ይዝላል፥ ከቤት ወጥቶ ከእኩያው ጋር መጫወትም ይቸግረዋል። ትናንት የሆነውን ነገር ቢጠይቁት ሊጠፋው ይችላል፤ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ በሰርግ ቤት የሰማውን ዜማ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይስተውም። ይህ ነገር ማንም ሰው በየቤቱ የሚያየው ብቻ ሳይሆን፥ የአእምሮን ነገር የሚመረምሩ ሐኪሞችም የመሰከሩት ነው። እነርሱ እንደሚሉት፥ ሰው ከልጅነቱ ወደ ጕልምስናው በሚሻገርበት ዘመን የሰማው ዜማ ከሌላው ዘመን ይልቅ በልቡናው ጠልቆ ይቀራል፤ የመርሳት በሽታ ከያዛቸውም ሽማግሌዎች ብዙዎቹ፥ የቤተ ሰባቸው ስም በሚጠፋባቸው ጊዜ እንኳ፥ የወጣትነታቸውን ዘፈን ሲሰሙ ያውቁታል።

ስለዚህ የማኅበረ ሰብ ራዲዮ ጣቢያ በሳምንት ውስጥ ጥቂት ሰዓት ለይቶ ለአረጋውያን የቀድሞ ዘፈን ቢያሰማ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ልጆቹ ወደ ከተማ ወይም ወደ ባሕር ማዶ ሄደውበት ብቻውን ለሚውል አባት፥ ዐይኗ ደክሞ ዳዊት መድገም ለተሳናት ባልቴት፥ ራዲዮ ሳይጠራ የሚመጣ ጎረቤት ነው። ይሁን እንጂ አሳቡ መልካም ስለ ሆነ ብቻ አፈጻጸሙን መመርመር አይቀርም። ከሁሉ የሚቀለው መንገድ፥ አንድ ወጣት አሰናጅ በአዲስ አበባ ከታወቁት ዘፈኖች ጥቂቶቹን መርጦ፥ ለሰዓቱም «ትዝታ» የሚል ስም ሰጥቶ፥ አንዱን በአንዱ ላይ እያስከተለ ማሰማት ነው። ይህም ከምንም ይሻላል። ነገር ግን የማኅበረ ሰብ ራዲዮ የተፈቀደበት ምክንያት ከዚህ የሰፋ ነው፤ ሽማግሌውም ሰሚ ብቻ ሆኖ እንዲቀር አይገባም።

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የማሠራጨትን ሥራ የሕዝብ፥ የንግድና የማኅበረ ሰብ ብሎ በሦስት ከፍሎታል፤ በ2013 ዓ.ም. በእርሱ እግር የተተካው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም የማኅበረ ሰቡን ክፍል አልነካውም። ይህ ሦስተኛው ክፍል ትርፍ የማይፈልግ፥ በአንድ አካባቢ ሕዝብ ፈቃድና ተሳትፎ የሚቆም ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ፥ በሰቆጣ፥ በከምባታ፥ በኮሬና በሌላም ስፍራ በዚህ ዐይነት ጣቢያዎች ተቋቁመዋል። የእንዲህ ያለው ጣቢያ ሞገድ ሩቅ አይሄድም፤ ድምፁም ከጥቂት ወረዳ አያልፍም። ይህ ግን ጠባዩ እንጂ ጉድለቱ አይደለም። ለመላው ኢትዮጵያ የሚናገር ትልቅ ጣቢያ አስቀድሞ አለ፤ የሰቆጣን ሽማግሌ በኽምጣና አነጋግሮ፥ በልጅነቱ ያደገበትን ዜማ አስታውሶ የሚያስደስተው ግን የሰቆጣ ጣቢያ ካልሆነ ሌላ ማን ሊሆን ነው?

ዛሬ «የድሮ ዘፈን» እየተባለ የሚሰማው በአብዛኛው ከየት እንደ መጣ ማስታወስ ይጠቅማል። ራዲዮ በኢትዮጵያ የተጀመረው ከኢጣልያ ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ አገር ነጻ ከወጣች በኋላም ሥራው በ1933 ዓ.ም. እንደ ገና ቀጠለ። በዚያን ጊዜ የራዲዮ መቀበያ ያለው ሰው እጅግ ጥቂት ስለ ነበረ፥ በአዲስ አበባ ሕዝቡ ድምፅ ማጉያ በተሰቀለበት አደባባይ ቆሞ ወሬውንም ዘፈኑንም ይሰማ ነበር። የዘፈኑ ምንጭ ደግሞ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር፥ ከዚያም የክቡር ዘበኛ፥ የፖሊስና የምድር ጦር የሙዚቃ ክፍሎች፥ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ነበሩ። ዋሽንት፥ ክራርና ማሲንቆ ለለመደ ጆሮ መለከትንና ሳክስፎንን ያስለመዱት ደግሞ መጻተኞች ነበሩ፤ ይኸውም በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም የመጡት «አርባ ልጆች» የሚባሉት አርመናውያን፥ መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፥ ከእርሱም በኋላ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ናቸው። የጥላሁን ገሠሠ፥ የብዙነሽ በቀለ፥ የማሕሙድ አሕመድ ድምፅ ከእነዚህ ቤቶች ወጥቶ በራዲዮ አገር ለአገር ተዳረሰ። በ1961 ዓ.ም. ዐምኃ እሸቴ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ካሴት ሸክላውን ከገበያ አስወጣው። በሰዓት እላፊ ዘመን የምሽቱ ጨዋታ ሲዘጋ ያ ሁሉ ሙዚቃ ወደ ካሴትና ወደ ራዲዮ ተጠቃሎ ገባ።

እነዚህ ሥራዎች እንዳይጠፉ የሚያደርጋቸው ብዙ ወዳጅ አግኝተዋል። በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክ» በሚል ስም በተከታታይ ክፍል እያሳተመ ለዓለም አሰማቸው፤ በአዲስ አበባም የግል ጣቢያዎች ከተፈቀዱ ወዲህ ሸገርን የመሰሉት በየቀኑ ያሰሟቸዋል። ስለዚህ የጥላሁን ድምፅ በአንድ የወረዳ ጣቢያ ባይሰማ አይጠፋም። በከምባታ ቡና እየወቀጡ እናቶች የሚያዜሙት ዜማ፥ በዋግ እረኛው በተራራ ላይ የሚነፋው ዋሽንት፥ የአንዱ ደብር አካባቢ አዝማሪ ለአገሩ ባላባት ያወጣው እንጉርጉሮ፥ አልቃሽ በአንድ ሰው ሞት ላይ የደረደረችው ሙሾ ግን፥ ባለቤቱ የሞተ ዕለት አብሮ ይቀበራል። አንድም ሸክላ፥ አንድም ካሴት የለውም።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ስላስቀረጹ፥ ይኸው ከመቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ያዳምጧቸዋል። በዚያው ዘመን ከእርሳቸው ጋር ግጥም የሚገጥሙ፥ ማሲንቆ የሚመቱ፥ በቅኔ የሚፎካከሩ ስንቶች ነበሩ! ከእነዚያ ግን ሰው በአፍ ከሚያወራው በቀር በጆሮ የሚሰማ ነገር አልቀረም። ልዩነቱ የችሎታ ሳይሆን አንዱ ሸክላ ካለበት ስፍራ ስለ ደረሰ፥ ሌላው ስላልደረሰ ነው።

ይህን ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያስተውሉት ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በቃል ብቻ ሲተላለፍ ብዙ ዘመን ቆይቶ፥ ከግራኝ ጦርነት በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት ሠርተውለት በድጓው ላይ ሰፈረ። ለምን? ብዙ መምህራን በጦርነቱ አልቀው፥ ብዙ መጻሕፍት ተቃጥለው፥ ከቀሩት መምህራን ጋር ዜማው እንዳይሞት ስለ ተፈራ ነው። ቃል ይረሳል፥ ጽሑፍ ይወረሳል የሚለው የአበው ንግግር በዚህ ስፍራ በተግባር ተፈጽሟል። ዓለማዊው ዜማ ምልክት ሠሪ አላገኘም፤ መምህሩ የአዝማሪው አባት፥ ድጓውም የአዝማሪው ጆሮ ብቻ ነው። ዛሬ ግን ለጌራና ለራጉኤል ያልተሰጠ መሣሪያ በማንም ወጣት ኪስ ውስጥ ይገኛል። በእጅ ስልክ ድምፅ መቅዳት እንደሚቻል የማያውቅ የለም፤ ስልኩን ይዞ ወደ አያቱ ቤት የሚሄድ ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ካህናት፥ ዘፈን ምን የሚያስመሰግን ነገር አለውና ጣቢያ ይደከምለታል? ይሉ ይሆናል። ሐዋርያው ለገላትያ ሰዎች በጻፈው መልእክት ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራ ጋር መቍጠሩ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ነገሩን በቀላሉ ማለፍ አይገባም። የስካርንና የዝሙትን ዘፈን በራዲዮ አሰሙ ብሎ የሚከራከር የለም። ሽማግሌዎች የሚያውቁት ሁሉ ግን እንዲህ ያለ አይደለም። የገበሬ የእርሻና የአጨዳ ዜማ አለ፤ እናት ልጇን የምታስተኛበት እሹሩሩ አለ፤ የአርበኛ ፉከራና ቀረርቶ አለ፤ የበገና ምስጋና አለ፤ ሙሾም አለ። ሙሾ እንዳይጠፋ መጠበቅ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ንጉሥ ዳዊት ስለ ሳኦልና ስለ ልጁ ስለ ዮናታን ያዜመውን ልቅሶ የይሁዳ ልጆች እንዲማሩት ማዘዙና በያሻር መጽሐፍ መጻፉ በሁለተኛው መጽሐፈ ሳሙኤል ይገኛል። በገናም ቢሆን የኖረው ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በመተላለፍ ነው፤ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ለዓለሙ አጋ ባያስተምሩት ኖሮ፥ በዐቢይ ጾም ሰው በቤቱ ሆኖ የሚያዳምጠው ድምፅ አንዱ በጎደለ ነበር። እንግዲህ ካህናት ከነገሩ ከሚርቁ ይልቅ ቢቀርቡት፥ የሚገባውን ከማይገባው ለመለየት ከእነርሱ የሚሻል አይገኝም። (በብዙ ደብር የአካባቢውን የድሮ ሰው፥ የድሮ ወሬና የድሮ ሙሾ ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው መሪ ጌታው መሆኑን ማን ያጣዋል?)

ስለ ቅጂው ነገር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ካሴት ያለው ሁሉ ለዘላለም ያስቀመጠ ይመስለዋልና። የቴፕ ክር ማለት ብረት አዘል ዱቄት በማጣበቂያ የተቀባበት ቀጭን ላስቲክ መሰል ነገር ነው። ሙቀትና እርጥበት ማጣበቂያውን ያላላዋል፤ ዱቄቱ ሲረግፍ ድምፁ አብሮ ይረግፋል፤ ሻጋታም ይበላዋል። ከካሴት ወደ ካሴት በተገለበጠ ቍጥር ድምፁ እየደከመ፥ ጩኸቱ እየበዛ ይሄዳል። ክር ውድ በነበረበት ዘመንም በብዙ አገር ራዲዮ ጣቢያዎች የቀድሞውን እያጠፉ በላዩ አዲስ መቅዳት የተለመደ ነበር። ክሩ ደኅና ቢሆን እንኳ የሚያጫውተው መሣሪያ መለዋወጫ እየጠፋ ነው። ስለዚህ በየቤቱ በሣጥን ውስጥ ያለ አሮጌ ካሴት፥ የሰርግም ይሁን የለቅሶ፥ ዕድሜው እየተቈጠረ ነው። የማኅበረ ሰብ ጣቢያ ለአካባቢው ሰው፥ «ያላችሁን አሮጌ ካሴት አምጡ፤ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጠን ካሴታችሁን እንመልስላችኋለን» ብሎ ቢያስነግር፥ ለሽማግሌዎች ሰዓት የሚሆን ከአዲስ አበባ የማይገኝ ሀብት በአንድ ክረምት ያከማቻል።

ማከማቸት ብቻ ግን በቂ አይደለም። ስም የሌለው ድምፅ አባቱ እንዳልታወቀ ልጅ ነው። አሰናጁ ዘፈኑን ሲያሰማ ማን ዘፈነው፥ ግጥሙን ማን ደረሰው፥ ክራሩን ማን መታው፥ በየትኛው ዓመትና በምን ምክንያት ወጣ የሚለውን ሳይናገር «ከቀድሞዎቹ አንዱ» ብሎ ካለፈ፥ ወጣቱ ምንም አይማርም፤ ሽማግሌውም ያዝናል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ደግሞ እርሱ ራሱ ሽማግሌው ነው። በስልክ ደውሎ፥ «እርሱን ማሲንቆ የመታው እገሌ ነው፤ የወጣውም በእገሌ ሰርግ ነው» ሲል መስማት ከዘፈኑ ያላነሰ ጥቅም አለው። አንዱ እንዲህ ሲል ሌላው ይቃወመዋል፤ ክርክር ይነሣል፤ በክርክሩም እውነቱ እየጠራ ይሄዳል። የተባለውን ሁሉ በመዝገብ ላይ መጻፍ የጣቢያው ፈንታ ነው፤ ተናጋሪው፥ ቀኑ፥ ቦታው፥ የመሣሪያው ዐይነት፥ የሚነገርበት ቋንቋ በዚያ ይስፈር። የብራና መጽሐፍ ጸሐፊ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ስሙንና ያስጻፈውን ሰው ስም እንደሚያኖር ማለት ነው።

ትዝታ ሁሉ ጣፋጭ አለመሆኑን ደግሞ አሰናጁ ልብ ሊለው ይገባል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከተደረገው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላ ከክቡር ዘበኛ ዘፋኞች የታሰሩ ነበሩ። በደርግ ዘመን በየቀበሌው የኪነት ቡድን ይዘምረው የነበረ ሰልፈኛ ዜማ ለአንዱ ሽማግሌ የጕብዝናው ወራት ሲሆን፥ ለጎረቤቱ ለባልቴቲቱ ልጇን ያጣችበት የቀይ ሽብር ወራት ነው። ሁለቱም አንድ ጣቢያ ያዳምጣሉ። ይህ ማለት እንዲህ ያለው ዜማ ከናካቴው አይሰማ ማለት አይደለም፤ የታሪክ ምስክር ነውና። ነገር ግን በሳቅና በጨዋታ መካከል ሳይታሰብ ብቅ ሊል አይገባውም፤ ከየት እንደ መጣ አስቀድሞ ተነግሮ፥ ሁለቱም የሚናገሩበት ጊዜ ተሰጥቶ ይሰማ። ዕድሜውን በጠቅላላ መልካም እንደ ነበረ አድርጎ የሚያቀርብ ሰዓት ሽማግሌውን እንደ ሕፃን ያታልለዋል እንጂ አያከብረውም።

የባለ መብትነትም ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለግጥምና ለዜማ ደራሲ ዕድሜ ልኩን፥ ከሞተም በኋላ ለወራሾቹ 50 ዓመት ይጠብቅለታል፤ ለዘፋኙና ለአሳታሚውም ለየራሳቸው የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። አሮጌ ስለ ሆነ ባለቤት የለውም ማለት እንግዲህ ሕግን መሳት ነው። ጣቢያው ደኻ በመሆኑ ክፍያው ቢከብደው፥ ከደራሲዎቹና ከወራሾቻቸው ጋር ተነጋግሮ በፈቃድ መሥራት ይችላል፤ ብዙዎች ስማቸው በክብር መጠራቱን እንደ ክፍያ የሚቈጥሩ ናቸውና። ፈቃዱ ግን በጽሕፈት ይሁን። ከሁሉ በላይ በአዲስ የሚቀዳው የአገሩ ሽማግሌ፥ ፊደል ባይቈጥርም፥ ድምፁ የእርሱ መሆኑ ተነግሮት፥ የት እንደሚሰማና ወዴት እንደሚተላለፍ ዐውቆ መፍቀድ አለበት። ከባላገር ቤት በነጻ የተቀዳ ዜማ በሩቅ ከተማ ገበያ ወጥቶ ቢሸጥ፥ በቀጣዩ ጊዜ በዚያ አገር በር የሚከፍት አይገኝም።

ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራ የሹማምንት ነው፤ ከባድ ገንዘብም የሚጠይቅ አይደለም። ፈቃድ ሰጪው ባለሥልጣን የማኅበረ ሰብ ጣቢያዎችን በሚመረምርበት ጊዜ፥ ከስንት ሰዓት ስንቱ በአካባቢው ሰው ድምፅ እንደ ተሞላ ቢጠይቅ፥ ጣቢያዎቹ የሚጠየቁትን ያዘጋጃሉ። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፥ ከየጣቢያው የአንዱን ቅጂ ተቀብለው ቢያስቀምጡ፥ በአንዱ ስፍራ ጦርነት ወይም እሳት ቢነሣ በሌላው ይተርፋል። በሰሜን የተደረገው የ2013 እና የ2014 ዓ.ም. ጦርነት በአንድ ቤት ብቻ የተቀመጠ ንብረት ምን እንደሚያገኘው አሳይቷል። ሁለት ቅጂ፥ በሁለት ከተማ፥ ከመዝገቡ ጋር፤ ይኸው ነው።

ሰዓቱም ይታሰብበት። አንዳንድ አሰናጅ የቀድሞውን ዘፈን ሌሊት ሲመሽ ያኖረዋል፥ ትዝታና ሌሊት የሚስማሙ መስሎት። ሽማግሌ ግን ማታ በ2 ሰዓት ይተኛል፤ ባልቴቲቱም ለኪዳን ሌሊት ትነሣለች። ከቀትር በኋላ፥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት፥ ሥራ የሚሠራው ሁሉ ከቤት ወጥቶ ሽማግሌው ብቻውን የሚቀርበት ሰዓት ስለ ሆነ ከሁሉ ይሻላል። አሰናጁ ቀስ ብሎ ይናገር፤ ዘፈኑ ሳያልቅ በላዩ ላይ አይናገር፤ ለማስታወቂያም ሲባል ከመካከል አይቍረጠው። ስልክ የሚደውለው ሰው ለመናገር ቢዘገይ ይታገሡት። ወደ ጣቢያው መምጣት የማይችለው ሽማግሌ ደግሞ መቅጃው ወደ ቤቱ ይሂድለት፤ ይህም የወረዳ መንገድ በዝናብ ሳይበላሽ፥ ከሰኔ አስቀድሞ ቢሆን ይመረጣል።